ሚዛኑን ራሱ የሚጠብቅ ሰረገላ በአሰበ ተፈሪ

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ፣ አዋሽን ተሻግረው የሚኤሶን ቆላ ካለፉ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይያያዛል። አውቶቡሱ እያቃሰተ ጠመዝማዛውን ሲወጣ ሙቀቱ ይቀንሳል፤ የማሽላውና የጫቱ ማሳ ይበዛል፤ በመጨረሻም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዙ በኋላ በተራሮች ሥር የተቀመጠች ከተማ ብቅ ትላለች። ይህች ከተማ ጭሮ ናት፤ ብዙ ሰው ግን እስከ ዛሬ ድረስ አሰበ ተፈሪ እያለ ይጠራታል።

ከተማዋን በ1910ዎቹ የቆረቆሩት በዚያን ጊዜ የጨርጨር ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በሩሲያ አገር የመድፍ ትምህርት ተምረው የመጡት እኒህ ሰው፣ በኋላ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ ሆነዋል። ጨርጨርን ለሌላው ምሳሌ የሚሆን አውራጃ ለማድረግ ብዙ ደክመዋል። ስለዚህ አዲስ ነገር ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም ማለት ይቻላል። ዳሩ ግን ለእኔ እንግዳ የሆነብኝን አንድ አዲስ ነገር ላጫውትዎ።

እኔ በዚሁ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለፈው ጥር ወር አንድ ዓርብ ቀን ስለ ክብደት ማዕከልና ስለ ሚዛን ሳስተምር፣ በመጨረሻው ወንበር የሚቀመጠውን ልጅ አስነሥቼ ጠየቅሁት። ልጁ ዝም አለ። ሁለተኛ ጠየቅሁት፤ አሁንም ዝም አለ። «እንግዲያውስ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አልሁትና አስቀመጥሁት። ክፍሉ ሳቀ። ያን ጊዜ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ቅዳሜ አንድ ነጋዴ ጎረቤቴ ቡና ጠጣ ብለው ጠሩኝ። ግቢያቸው ስገባ ያ ልጅ በሲሚንቶው ላይ ያለ እጀታ፣ ያለ መቀመጫ፣ እጆቹን አንጠልጥሎ ቆሞ እንደ ውሃ ይንሸራተታል። ለካስ ነጋዴው አጎቱ ኖረዋል፤ መሣሪያውንም ከድሬዳዋ የገዙለት እርሳቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ጎማዎች አሉ፤ በመካከላቸው ሁለት እግር የሚያሳርፍ ጠባብ ሰሌዳ አለ። በጎማዎቹ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ በሰሌዳው ሥር ደግሞ ዝንባሌን የሚለካ ጂሮስኮፕ የተባለ መሣሪያና ባትሪ አለ። በልጅነትዎ ሸምበቆ በመዳፍዎ ላይ አቁመው ተጫውተው ያውቃሉ? ሸምበቆው ወደ ፊት ሲያዘነብል እጅዎን ወደ ፊት ያስከትላሉ፤ ወደ ኋላ ሲል ወደ ኋላ። ይህም መሣሪያ የሚሠራው እንደዚሁ ነው፤ ሸምበቆው ግን እርስዎ ነዎት።

የዚህ ዓይነቱ ሰረገላ በዓለም የታወቀው ዲን ኬመን የተባለ አሜሪካዊ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሰግዌይ የተባለውን ባለ እጀታ መሣሪያ ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ ነው። የከተማን ኑሮ ይለውጣል ተብሎ ብዙ ተወራለት፤ ነገር ግን ዋጋው 5,000 ዶላር ያህል ስለ ነበረ እንደ ታሰበው አልሆነም፤ በ2012 ዓ.ም. ምርቱ ቆመ። እጀታ የሌለው ታናሽ ወንድሙ ግን ከቻይና ፋብሪካዎች እየወጣ ዓለምን አዳረሰ።

«አስተማሪ፣ እርስዎም ይሞክሩት» አሉኝ አጎትየው። እምቢ ማለት ፈለግሁ፤ ዳሩ ግን የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ይመለከቱኛል። ደግሞም የሚዛንን ሕግ ከትናንት ወዲያ አይደለም፣ ትናንት ነው ያስተማርሁት! ጫማዬን አጥብቄ አሰርሁና ወጣሁ።

እግሬ ገና ሰሌዳውን ሲነካ መሬቱ ከሥሬ የከዳኝ መሰለኝ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ እኔ በተንቀጠቀጥሁ መጠን መሣሪያውም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወራጫል። ልጁ ሁለት እጆቼን ያዘና፣ «ባርሲሳ፣ ሂን ሶዳቲና» አለኝ። አስተማሪ፣ አይፍሩ ማለቱ ነው። ቀጥሎም በአማርኛ፣ «እግርዎን አይዩ፤ ሩቅ ይመልከቱ» አለኝ። ሩቅ የተራራውን ጫፍ አየሁ። እውነትም ጉልበቴ ጸና። ልጁ ቀስ ብሎ አንድ እጄን፣ ከዚያም ሁለተኛውን ለቀቀ። አንባቢ ሆይ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ በቃል ለመግለጽ ያስቸግረኛል። እርምጃ ሳልራመድ ሄድሁ!

ደስታዬ ግን ግቢው ወደ በሩ በኩል ቁልቁል መሆኑን አስረሳኝ። ፍጥነቱ ሲጨምር ለመውረድ አሰብሁና ወደ ፊት አጎነበስሁ። ወደ ፊት ማጎንበስ ለመሣሪያው «ፍጠን» ማለት ነው። በሩ ተከፍቷል፤ ከበሩ ውጭ ባለው አስፋልት ላይ ከገለምሶ በኩል የመጡ ጫት የጫኑ መኪኖች ይከንፋሉ። ከኋላዬ ሩጫ ሰማሁ፤ ልጁ ኮቴን ጨምድዶ ይዞ ጎተተኝና ሁለታችንም ሲሚንቶው ላይ ተዘረጋን። መዳፌ ተላጠ፤ የሱሪዬ ጉልበት ተቀደደ። አሮጊቷ የቤቱ እመቤት «ያ ረቢ!» እያሉ ውሃ ይዘው መጡ። ልጆቹ ሳቁ። ያ ልጅ ግን አልሳቀም።

ይህ ነገር በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የሰግዌይን ኩባንያ የገዛው እንግሊዛዊው ባለጸጋ ጂሚ ሄሰልደን፣ በመስከረም 2003 ዓ.ም. በዚያው መሣሪያ ላይ ሳለ ከገደል ወድቆ ሞቷል። የኩባንያው ጌታ መሆን ከገደል አያድንም፤ የፊዚክስ አስተማሪ መሆንም እንደዚሁ።

ሰኞ ዕለት በተቀደደው ሱሪዬ ላይ የተጣፈውን ጨርቅ ክፍሉ ሁሉ አየው። ልጁን አስነሥቼ፣ «ቅዳሜ ለምን እንደ ወደቅሁ በፈለግኸው ቋንቋ አስረዳን» አልሁት። በኦሮምኛ ጀመረ፤ የክብደት ማዕከሌ ከጎማዎቹ ፊት እንዴት እንዳለፈ፣ ሞተሩ እንዴት ሊደርስብኝ እንደ ሮጠ፣ መውረድ የሚገባኝ ወደ ኋላ ተራምጄ እንደ ነበር በጠመኔ እየሣለ አስረዳ። ዓርብ የጠፋው የእንግሊዝኛው ቃል እንጂ ነገሩ አልነበረም። ዝምታውን ድንቁርና ብዬ የተረጎምሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ የጠየቅሁትም በዚያው ክፍል፣ በሳቁበት ተማሪዎች ፊት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ተማሪም ይሁኑ አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ወደ ጭሮ ብቅ ቢሉ ይህን ሰረገላ ይሞክሩት። ነገር ግን አስቀድመው ሜዳ ይፈልጉ፤ የግቢውን በር ያዘጉ፤ እግርዎን ሳይሆን ተራራውን ይመልከቱ። ከሁሉም በላይ ግን የሚያውቅ ሰው እጅዎን እንዲይዝዎ ይፍቀዱ፤ ያ ሰው በመጨረሻው ወንበር የሚቀመጥ ልጅ ቢሆንም።