ያልላክኋቸው ፎቶዎች

መጋቢት ውስጥ ታናሽ ወንድሜ ከሐዋሳ አንድ ፎቶ ላከልኝ። በፎቶው ላይ ያለሁት እኔው ነኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ቆሜ የተነሣሁት ነው። ከኋላዬ እስከ 140 ሜትር ድረስ ወደ ላይ የሚወረወረው ውኃ እንደ ነጭ ዓምድ ቆሞ ይታያል። ከፎቶው ሥር እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «እዚህች ቦታ ላይ አብረን እንነሣለን። ደላላ አግኝቻለሁ። የጎደለውን ብቻ ሙላልኝ።»

ኮሌጁን ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጧል። መንገዱ በሊቢያ በኩል ነው። ታላቅ ወንድም የሚለውን ሁሉ አልኩት፤ ስለ በረሃው፣ ስለ ባሕሩ፣ በመንገድ ስለቀሩት። የመለሰልኝ ግን ሦስት ቃል ነበር፦ «አንተ እዚያ ሆነህ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ለሐምሌ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ይዤ ነበር። እናንተ ዘንድ ዝናብ ሲወርድ እዚህ የበጋ ወር ነው። ዕቅዴ በተማሪነቴ የወደድኳቸውን ሦስት ከተሞች፣ ጄኔቫን፣ ፍሎረንስንና ሮምን፣ አንዱን ከተማ በአንድ ሳምንት ሳልቸኩል ማየት ነበር። የመጀመሪያው ጉዟችን ጉዞ ሳይሆን ሩጫ ነበር። በጀርመን አገር በሐበሻ ቤተ ክርስቲያናችን የተዋወቅን ሦስት ተማሪዎች ሦስቱን ከተሞች በስድስት ቀን አዳረስናቸው። ለሆቴል የምንከፍለው ስላልነበረን ሌሊቱን ባቡር ላይ ተቀምጠን እናድር ነበር። ምሳችን ዳቦና የቆርቆሮ ዓሣ፣ መጠጣችን በየአደባባዩ የሚፈሰው የቧንቧ ውኃ ነበር። አንድ ደኅና ጃኬት ስለነበረን በየተራ እየለበስን ፎቶ ተነሣን። ወደ ቤት የላክሁት ከሁለት መቶ በላይ ፎቶ ነው። የቆርቆሮው ዓሣ አንዱም ላይ የለም።

በዚህኛው ጉዞ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ አንድ ደብተር ገዛሁ።

ጄኔቫ ውስጥ ባስቲዮን በሚባለው መናፈሻ መቶ ሜትር ያህል የሚረዝም የተሐድሶ መታሰቢያ ግንብ አለ። መሐሉ ላይ እያንዳንዳቸው አምስት ሜትር ያህል የሚረዝሙ አራት ሐውልቶች ቆመዋል፦ ፋሬል፣ ካልቪን፣ ቤዛና ኖክስ። ያኔ ከካልቪን እግር ሥር ለአሥር ደቂቃ ቆመን፣ ተሳስቀን፣ ተነሥተን ሄድን። አሁን አንድ ሙሉ ጠዋት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይርቅ ሽማግሌዎች ወገብ የሚደርሱ የቼዝ ጠጠሮችን መሬት ላይ በተሣለው ሰሌዳ እያንቀሳቀሱ ይጫወታሉ። ማንም አይቸኩልም።

ያኔ ያላስተዋልኩትን ያስተዋልኩት እዚያ ተቀምጬ ነው። አራቱም የጄኔቫ ልጆች አይደሉም። ሦስቱ ከፈረንሳይ፣ ኖክስ ደግሞ ከስኮትላንድ የመጡ ናቸው። ካልቪን በ1536 እ.ኤ.አ. ከተማዋን አንድ ሌሊት አድሮባት ሊያልፍ ነበር፤ ፋሬል አጥብቆ ይዞ አስቀረው። ዜግነት ያገኘው ግን በ1559 ነው፤ ከ23 ዓመት በኋላ። በመካከሉም ከከተማው ተባሮ ያውቃል። ይህን ለወንድሜ ብነግረው «አየህ፣ አባቶችም ስደተኞች ነበሩ» እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ አልተሳሳተም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ድንጋዩ ላይ እነዚያ 23 ዓመታት አይታዩም። ሐውልት ሰውን ቀጥ ብሎ በቆመበት ቀን ብቻ ያሳያል። የእኔም ፎቶዎች እንደዚያ ነበሩ። በደብተሬ ላይ «የቆምኩበት ቀን» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ባዶ መስመር ተውኩ።

ከዚያ በሚላኖ በኩል በባቡር ወደ ፍሎረንስ ወረድኩ። በ1436 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የካቴድራሉ ጉልላት ጫፍ ላይ ለመድረስ 463 ደረጃ ይወጣል። ያኔ እየሮጥን ወጥተን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ባቡር እንዳያመልጠን እየሮጥን ወርደናል። አሁን አልወጣሁም። ጉልላቱን የሠራው ብሩኔሌስኪ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1419 ወደ ጀመረው ሌላ ሕንፃ ሄድኩ፤ ወላጅ ሊያሳድጋቸው ያልቻለ ሕፃናት ይቀበሉበት የነበረ ቤት ነው። ዛሬ ቤተ መዘክር አለበት።

አንድ ክፍል ውስጥ ትናንሽ መሳቢያዎች አሉ። እያንዳንዱን ስትስቡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሕፃን ጋር የተተወ አንድ ምልክት ታገኛላችሁ፦ ዶቃ፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ ለሁለት የተቆረጠ ሜዳሊያ። ግማሹ ከልጁ ጋር ይቀራል፤ ግማሹ ወላጅ ጋር ይሄዳል። አንድ ቀን ከተገናኙ ሁለቱ ግማሾች ይገጥማሉ፤ በዚያ ይተዋወቃሉ። ከፊቴ የነበሩት ጎብኚዎች ሁለት ሦስት መሳቢያ ከፍተው አለፉ። እኔ ግን እግሬ አልነቃነቅ አለኝ። እኔም ለቤተሰቤ ግማሽ ነው የላክሁት፤ የሚያብረቀርቀውን። የቀረውን ኪሴ ውስጥ ይዤ ዘጠኝ ዓመት ዞርኩ። እነዚያ እናቶች ግማሹን የሰጡት ለመተዋወቅ ነው። እኔ ግማሹን በመላኬ የገዛ ወንድሜ እንኳ እንዳያውቀኝ አደረግሁ።

ሮም የደረስኩት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ በእግሬ እወጣ ነበር። በ1937 እ.ኤ.አ. ከአክሱም ተወስዶ የነበረው ሐውልት ለረጅም ዘመን የቆመበትን አደባባይ አየሁ፤ ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ስለተመለሰ አሁን እዚያ የለም። ከዚያ ተነሥቼ አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ ማራቶን ወደ ጨረሰበት ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ቀስ ብዬ ሄድኩ። ልቤ በደስታ ሞልቶ ነበር። አልዋሻችሁም፤ እነዚህ ከተሞች ያምራሉ፤ ጌታንም ስላሳየኝ አመሰገንኩት።

አንድ ቀን ወደ ማታ ላይ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ተቀመጥኩ። የአደባባዩ ስም «የአምስት መቶዎቹ» ማለት ነው፤ በ1887 እ.ኤ.አ. በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር እጅ የወደቁ 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ይህን እያሰብኩ ሳለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ በአማርኛ «ሐበሻ ነህ?» አለኝ።

ከወንድሜ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነው። ፀጉሩን በውኃ አርጥቦ አበጥሮታል፤ እጁ ላይ ልብስ የተወጠረበት ፌስታል አንጠልጥሏል። የፈለገው ገንዘብ አልነበረም። «እባክህ ወንድሜ፣ እዚያ ጋ ፎቶ አንሣኝ» ብሎ በአቅራቢያው ወዳለው ሪፐብሊካ አደባባይ፣ ውኃ ወደሚፈስበት ወደ ነሐሱ ሐውልት ወሰደኝ። ፌስታሉን ከእግሩ ኋላ አስቀመጠው። «እናቴ ሆቴል የምሠራ ነው የሚመስላት። ፌስታሉ እንዳይታይ አድርገህ አንሣኝ።»

ሦስት ጊዜ አነሣሁት። አንዱን መረጠና እዚያው ቆሞ ላከው። ፊቱ ለጥቂት ጊዜ በራ። ከዚያ ፒሳ ገዝቼ አብረን በላን። ስለ መንገዱ ስጠይቀው «ስለ ሊቢያ አትጠይቀኝ» አለኝና ዝም አለ። ስንለያይ «ጸልይልኝ» አለ። ትከሻው ላይ እጄን ጭኜ እዚያው ጸለይኩለት። ፌስታሉን አንሥቶ ወደ ጣቢያው ተመለሰ።

እኛ የወንጌል አማኝ ወጣቶች ምስክርነት እንወዳለን። እሑድ ተነሥተን ጌታ ያደረገልንን እንናገራለን፤ ጉባኤውም እልል ይላል። በሐሰት መመስከር ኃጢአት መሆኑንም ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ እናውቃለን። እኔ ይህን ትእዛዝ ከፍርድ ቤት ጋር ብቻ ነበር የማያይዘው። የላክኋቸው ፎቶዎች አንድ በአንድ ሲታዩ ሁሉም እውነት ነበሩ። አንድ ላይ ሲደረደሩ ግን በሐሰት መስክረዋል። ወንድሜም ያንን ምስክርነት አምኖ ነው ሊነሣ የነበረው።

ያን ሌሊት ደወልኩለት። ያልላክኋቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ ነገርኩት። አሥራ አራት ወር በሌሊት ፈረቃ ዕቃ የጫንኩበትን መጋዘን። አራት ሆነን የኖርንበትን ክፍል። «ከጓደኞቼ ጋር ነኝ» ብዬ እናታችንን ያታለልኩበትን፣ ብቻዬን ያሳለፍኩትን ገና። ከዚያ ለመናገር የፈራሁት ላይ ደረስኩ። አባታችን ሲያርፍ «ሥራ አልለቅ አለኝ» ያልኩት ውሸት ነበር። የመኖሪያ ፈቃዴ ጉዳይ ገና ስላልተወሰነ፣ ከወጣሁ እንዳልመለስ ፈርቼ ነው የቀረሁት። እርሱ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ለቅሶ የደረሰውን ሰው ሁሉ የተቀበለው እርሱ ብቻውን ነው።

ብዙ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ከአባታችን ሥራውን አስበለጠ እያልኩ ተቀይሜህ ነበር» አለኝ። ቀጥሎም «ለምን እስካሁን አልነገርከኝም?» አለ። ቀጥሎም የፈራሁት መጣ፦ «እንዲህ ከሆነ ታዲያ ለምን አልተመለስክም?»

ያማረ መልስ አልፈለግሁም። «መጀመሪያ ኀፍረት ያዘኝ» አልኩት። «ቀጥሎ ለመድኩት። አሁን ደግሞ ሥራዬንም፣ እዚህ ያለውን ኅብረታችንንም ስለምወድ።» አትምጣ ብዬ አላዘዝኩትም። በሕጋዊ መንገድ የሚሆን ነገር ካለ አብረን እንደምንፈልግ፣ ካልተገኘም ትምህርቱን ቢቀጥል የምችለውን እንደምከፍል፣ ለደላላ ግን አንድ ብር እንደማልሰጥ ነገርኩት። «እሺ» ሳይል ዘጋው።

ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን፣ ወደ ጀርመን የሚመልሰኝን ባቡር ስጠብቅ፣ አንድ መልእክት ገባ፦ «ሌሎቹንም ፎቶዎች ላክልኝ።»

ሌሎቹ ፎቶ የላቸውም። ያኔ ማንም አላነሣቸውም። ስለዚህ ደብተሩን አውጥቼ ጄኔቫ ላይ ባዶ የተውኩትን መስመር መሙላት ጀመርኩ። መጋዘኑን ጻፍኩ፤ ክፍሉን ጻፍኩ፤ አባታችን ያረፈ ቀን ባቡር ጣቢያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ማልቀሴን ጻፍኩ። የተጻፉትን ገጾች ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። በዚያ ጉዞ የላክኋቸው ፎቶዎች እነዚህ ብቻ ናቸው።

ይህን እስከምጽፍበት ቀን ወንድሜ ለደላላው ገንዘብ አልሰጠም። ኮሌጁም አልተመለሰም። ምን እንደሚወስን አላውቅም፤ በየቀኑ እጸልያለሁ፣ በየሳምንቱም አንድ ገጽ እልክለታለሁ። ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ኪሳችሁ ውስጥ የቀረ ግማሽ ካለ እናንተም ላኩት። አገር ቤት ያላችሁም፣ ፎቶ ሲደርሳችሁ ከሥዕሉ ውጭ ስለቀረው ነገር በፍቅር ጠይቁ።

ስለ ገጾቹ ወንድሜ መጀመሪያ የመለሰልኝ ይህን ነበር፦ «የእጅ ጽሕፈትህ አሁንም አይነበብም። ሁለተኛውን ገጽ እንደገና ጽፈህ ላከው።»

ጽፌ ላክሁለት።