ዝቅ ያለ ቧንቧ

ናይሮቢ ውስጥ፣ ከሀርሊንግሃም ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ በአንድ አሮጌ ፎቅ የላይኛው ደርብ ላይ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ አለ። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ ነው። ግድግዳው፣ እንደ ብዙዎቹ የናይሮቢ ቤቶች፣ በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ በመሆኑ ገና መቶ ዓመት የሚቆም ይመስላል፤ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፉት የብረት ቧንቧዎች ግን ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ የሻይ ቀለም ነበረው። ባልና ሚስቱ «ዘንድሮስ እናድሰዋለን» እያሉ ዓመታት አሳለፉ። ነገሩ ቀጠሮ የማይሰጠው የሆነው፣ ደሴ የሚኖሩት የሚስቲቱ እናት በክረምት ዝናብ ጓሮ ወዳለው ሽንት ቤት ሲሄዱ አዳልጧቸው የወደቁ ዕለት ነው።

አጥንት አልተሰበረም። ይሁን እንጂ ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ ሲቀመጡም ሲነሡም የሚይዙት ነገር መፈለግ ጀመሩ። ልጃቸው በስልክ «እማዬ፣ መጥተሽ ከእኛ ጋር ኑሪ» ስትላቸው፣ «የሰው አገር መጥቼ ምን ልሠራ ልጄ?» ብለው ወሬ ይለውጣሉ። እሷም በክርክር እንደማትረታቸው ስታውቅ በሌላ መንገድ ልታግባባቸው ቆረጠች። መኪና ለመለወጥ ያጠራቀሙት ገንዘብ ወጣና መታጠቢያ ቤቱና ወጥ ቤቱ እንዲፈርስ ተወሰነ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ያለፉት በሞምባሳ መንገድ ዳር ባሉት ትልልቅ ማሳያ አዳራሾች ውስጥ ነው። እነዚህ አዳራሾች የሰውን ልብ ያሸፍታሉ። ውኃ የማያውቃቸው መታጠቢያዎች፣ ማንም ያልተቀመጠባቸው መቀመጫዎች፣ መስተዋት የሚመስሉ ቧንቧዎች በመብራት ተሞሽረው ይታያሉ። ባልየው ዓይኑ ያረፈው ጣራ ላይ ተሰቅሎ እንደ ዝናብ የሚያወርድ፣ የእንጀራ ሰፌድ የሚያህል የዱሽ ራስ ላይ ነበር። ዋጋውን ሰምቶ እንኳ አልደነገጠም።

ያስደነገጠው ሥራውን የያዘው ፉንዲ ነው። (በናይሮቢ ባለ እጅ ሁሉ፣ ቧንቧ ሠሪውም ግንበኛውም ልብስ ሰፊውም፣ ፉንዲ ይባላል።) ፉንዲው የዱሹን ሥዕል አይቶ ሲያበቃ ቀና ብሎ ጣራውን ተመለከተና «ታንከራችሁ የት ነው?» ሲል ጠየቀ። ታንከሩ ከጣራው ላይ፣ ከዱሹ ሦስት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነበር የተቀመጠው። «እንግዲያው ማማ፣» አለ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ፣ «ይህ ዝናብ አይሆንም፤ እንባ ነው የሚሆነው።»

ትክክል ነበር። ከታንከር የሚወርድ ውኃ ጉልበቱን የሚያገኘው ከከፍታ ነው። 10 ሜትር ከፍታ አንድ ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል፤ ከሦስት ሜትር የሚወርደው ሲሶ ባር እንኳ አይሞላም። በአዳራሾቹ ውስጥ የሚያብረቀርቁት ባለ አንድ እጀታ ማደባለቂያዎችና ሰፋፊ የዱሽ ራሶች በአብዛኛው የተሠሩት የመንገዱ ቧንቧ ሌት ተቀን በኃይል ለሚገፋበት አገር ነው። የናይሮቢ ሁኔታ ደግሞ የታወቀ ነው። የከተማዋን ውኃ አብዛኛውን የሚያቀርበው እ.ኤ.አ. በ1994 የተጠናቀቀው የንዳካይኒ ግድብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ በድርቁ ምክንያት ሥርጭቱ በፈረቃ ከሆነ ወዲህ ነዋሪው ውኃ የሚመጣበትን ቀን እንደ በዓል ቀን መቁጠር ለምዷል። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። በፈረቃ ከተማ ውስጥ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ የሚመረጠው ከታንከሩ ተነሥቶ ወደ ታች ነው፤ ከማሳያ አዳራሹ የሚነሣ ሰው ሁለት ጊዜ ይገዛል።

ግፊት የሚጨምር ሞተር እንግዛ የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ዱሹም አብሮ እንደሚጠፋ ሲታሰብ ወዲያው ተጣለ።

ስለዚህ ከሞምባሳ መንገድ ወደ መሀል ከተማ፣ ወደ ሪቨር ሮድ ጠባብ ሱቆች ወረዱ። በዚያ የሚያብረቀርቅ ነገር የለም፤ ዕቃው በካርቶን ተከምሮ አቧራ ለብሷል። ሥራ ያለው ግን እዚያ ነው። አንድ አዛውንት የሱቅ ባለቤት፣ አያቶቻቸው ከሕንድ የመጡ፣ ምንም ሳይናገሩ ሁለት ቧንቧዎች አንሥተው በሴትዮዋ ሁለት መዳፎች ላይ አስቀመጡ። ሁለቱም ክሮም ተለብጠው መንታ ይመስላሉ። አንዱ ግን ከበድ ይላል፤ ናስ ነው። ሌላው ከዚንክ ቅይጥ የተሠራና ቀለል ያለ ነው፤ በተለይ ጨዋማ ውኃ ካገኘው ከውስጥ እየተበላ ሄዶ አንድ ቀን እጀታው ከነአንገቱ እጅ ላይ ይቀራል። ሚስቲቱ ከዚያ በኋላ በየሱቁ ዋጋ ከመጠየቋ በፊት ዕቃውን መመዘን ጀመረች። የተመረጡት ቧንቧዎች ሩብ ዙር ብቻ የሚዞሩ፣ በውስጣቸው ሁለት የሴራሚክ ክቦች ተነካክተው የሚዘጉባቸው ናቸው። ለእናቲቱ ጣቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በጎማ የሚዘጋው የድሮ ቧንቧ እንዳይንጠባጠብ አጥብቆ ማዞር ይጠይቃል።

ጨዋማ ውኃ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። የከተማው ውኃ ሲጠፋ ሕንፃው ከጉድጓድ ውኃ ያስመጣል። በናይሮቢ ከብዙ ጉድጓዶች የሚወጣው ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የእኛም አገር ሰው፣ በተለይ ወንጂና በስምጥ ሸለቆው ዳር ያደገ፣ ይህ ነገር ጥርስን እንዴት እንደሚያቀልም ያውቀዋል። በዚህ ምክንያት ለመጠጥና ለወጥ የሚሆነው ውኃ ከሌላ ታንከር፣ በሌላ ቧንቧ እንዲመጣ ተደረገ። ውኃ የሚያሞቀው የዱሽ ራስም ለጨዋማ ውኃ የተሠራው ዓይነት ሆነ፤ በተራው ዓይነት ውስጥ የሚሞቀው ሽቦ ራቁቱን ውኃው ውስጥ የሚተኛ ሲሆን፣ በዚህኛው ግን ሽፋን አለው። ፉንዲው የመሬት ሽቦውን ሳያስር «ሃኩና ሺዳ» ብሎ ሊያልፍ ሲል ባልየው በሩ ላይ ቆሞ እስኪታሰር ድረስ አላስወጣውም። ሽፋን ኖረም አልኖረ፣ ኤሌክትሪክና ውኃ በአንድ ጣሳ ውስጥ ሲኖሩ «ችግር የለም» የሚባል ነገር የለም።

በሱቆቹ ውስጥ ሴትዮዋን ያስቸገራት አንዱ ነገር የቃላት ጉዳይ ነበር። ከእናቷ የወረሰችው የቤት ዕቃ ስም ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። እናቷ መታጠቢያ ቤቱን ዛሬም «ባኞ ቤት» ነው የሚሉት፤ ወንድሟ ቧንቧ ሲጠግን ፒንሳና ካቻቢቴ አቀብይኝ ይላት ነበር፤ ግቢያቸው ውስጥ ያለው ወለል ሊሾ ነው። ሪቨር ሮድ ላይ እነዚህን ቃላት የሚሰማ የለም። «ቧንቧ» ስትል ግን ሻጩ ወዲያው «ቦምባ!» ብሎ አመጣላት። ኪስዋሂሊው ቃሉን ከፖርቱጋሎች ነው የወሰደው። ሁለቱ ቃላት ዘመዳማች ይሁኑ አይሁኑ እሷን አላስጨነቃትም፤ በሁለት ወር ፍለጋ ውስጥ ያለ እጅ ምልክት የተግባባችበት ቃል እሱ ብቻ ነበርና ደስ አላት።

ወጥ ቤቱ ብዙ አላከራከረም። የዕቃ ማጠቢያው ሁለት ጎድጓዳ ያለው ሳይሆን አንድ ሰፊና ጥልቅ እንዲሆን ተስማሙ፤ የዶሮ ወጥ ድስትና የቡሆ ባልዲ በሁለት ጠባብ ጉድጓዶች ውስጥ አይታጠቡም። ቧንቧውም አንገቱ ረዘም ያለ፣ ጀሪካን ሥሩ የሚቆምለት ሆነ። ዋናው ጣጣ ምጣዱ ነበር። በአሮጌው ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ሶኬቱ ዙሪያ የመዳፍ ስፋት ያለው ጥቁር ጥላሸት ነበር፤ በናይሮቢ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ሁሉ ይህን ምልክት ያውቀዋል። ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው። የኬንያ ሶኬት የሚችለው 13 አምፔር፣ መስመሩም 240 ቮልት ነው፤ ሲባዛ 3,120 ዋት ይመጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3,500 ዋትና ከዚያም በላይ ይስባል። ሶኬቱ አንድ ሁለት እንጀራ ይታገሣል፤ ሃያና ሠላሳ ሲጋገር ይቀልጣል። ስለዚህ እንደ ትልቅ ምድጃ ታስቦ ከቆጣሪው ሳጥን በወፍራም ሽቦ የራሱ መስመርና የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ተዘረጋለት። ከዕድሳቱ ሁሉ ለዓይን የማይታየው፣ ግን በየሳምንቱ የሚመሰገነው ሥራ ይህ ነው።

ለዓይን የሚታይ ስሕተትም ተሠርቷል። የሽንት ቤት መቀመጫ ፍሳሹን ወይ ወደ ኋላ ወደ ግድግዳው ወይ ወደ ታች ወደ ወለሉ ያወርዳል፤ የአሮጌው ቤት ቀዳዳ ወለሉ ላይ ነበር። ባልና ሚስቱ ቅርጹንና ቀለሙን አይተው፣ አምስትና ስድስት ጊዜ አውላላ ላይ ዞረው የገዙት ግን ወደ ግድግዳ የሚያወርደውን ነው። ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተጽፏል። መቀመጫው ኮሪደር ላይ ሁለት ሳምንት ተገትሮ ልጆቹ የደንብ ልብሳቸውን ሲያንጠለጥሉበት ከረመ፤ በመጨረሻም ለጎረቤት በግማሽ ዋጋ ሄደ።

ለሁለተኛው ግዢ ሚስቲቱ ሜትር ይዛ ሄደች። ተራው መቀመጫ ከወለል 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ጉልበቱ ለደከመ ሰው ከ45 በላይ ያለው ይሻላል። ልዩነቱ አንድ ጣት ሙሉ ነው ብሎ የሚንቅ ካለ በእናቱ ጉልበት ይሞክረው። እሷ የሞከረችው በራሷ ነው። ገዢዎች እያዩዋት በየመቀመጫው ላይ ከነልብሷ ተቀመጠች፤ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ምንም ሳትይዝ ለመነሣት ሞከረች። ለወለሉ ሴራሚክ ስትመርጥም ጫማዋን አውልቃ፣ በናሙናው ላይ ከጠርሙስ ውኃ አፍስሳ ቆመችበት። ሻጩ ጥራቱንና አገሩን ሲያብራራ፣ እሷ ደጋግማ የጠየቀችው በካርቶኑ ላይ አር 10 ወይም አር 11 የሚል የአለማዳለጥ ደረጃ ተጽፎ እንደሆነ ብቻ ነው።

ጠብ የመጣው በብረት መያዣዎቹ ነው። አንዱ ከመቀመጫው ጎን፣ ሌላው ከዱሹ ሥር እንዲተከል ፈለገች። ባልየው እስከዚያ ድረስ ሁሉንም እሺ ሲል ቆይቶ እዚህ ላይ እምቢ አለ። «ቤቱን ሆስፒታል አስመሰልሽው» አላት። ክርክሩ ከብረት አልፎ ሄደ፦ በኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2010ሩ ሕገ መንግሥት ወዲህ የውጭ ዜጋ መሬት የሚይዘው ከ99 ዓመት ባልበለጠ ሊዝ ብቻ ነው፤ እኛ እዚህ የምንኖረው እስከ ጊዜው ነው፤ አንድ ቀን ይሸጣል፤ ይህን መታጠቢያ ቤት ማን ይገዛዋል? እውነት ለመናገር በውበት ረገድ አልተሳሳተም፤ ብረቶቹ አያምሩም። ሚስቲቱ ግን መልስ አልሰጠችውም። ደሴ ደወለችና ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ ባኞ ቤቱ እየተሠራልሽ ነው። ምን እንዲኖርበት ትፈልጊያለሽ?»

ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ እናትየው፣ «እኔ ምን ብዬ ልጄ» አሉ። «ጎንበስ ማለት አቅቶኛል እንጂ። እግሬን የምታጠብበት፣ ተቀምጬ የምደርስበት ዝቅ ያለ ቧንቧ ካለ ይበቃኛል።»

በሁለት ወር ውስጥ በየትኛውም አዳራሽ፣ በየትኛውም ሱቅ፣ ዝቅ ያለ ቧንቧ ያሰበ አልነበረም። ፉንዲው በአንድ ከሰዓት ሠራው፦ ከዱሹ ሥር፣ ከወለሉ የጉልበት ከፍታ ላይ አንድ ተራ የናስ ቧንቧ፣ ከጎኑም እግሮቹ ጎማ ያላቸው የፕላስቲክ በርጩማ። ከገዙት ሁሉ እጅግ ርካሹ እሱ ነው። በማግስቱ ባልየው ራሱ መሰርሰሪያ ተከራይቶ መጣና ድንጋዩን በስቶ ሁለቱን መያዣዎች ተከለ። ስለ ሆስፒታል ዳግም አልተነሣም።

እናትየው ከጥምቀት በኋላ መጡ። በመጀመሪያው ማታ እግራቸውን በዝቅተኛው ቧንቧ ለረጅም ጊዜ ታጠቡ፤ የውኃው ድምፅ ሳሎን ድረስ ይሰማ ነበር። መያዣዎቹን ግን አይነኩም፤ አንዱ ላይ ነጠላቸውን አንጠለጠሉበት። ልጅቱ በየቀኑ እያየች ዝም አለች። ከሳምንታት በኋላ መታጠቢያ ቤቱን ስታጸዳ ከመቀመጫው ጎን ያለው ብረት መሀሉ ላይ፣ አንድ እጅ በሚይዘው ልክ፣ ክሮሙ ደብዝዞ አገኘችው። ሳትወለውለው ተወችው።

ለመኖር ግን አልመጡም ነበር። ፋሲካ ሊደርስ ሲል «ቤቴን እንደ ዘጋሁት ዓመት በዓል አያልፍም» ማለት ጀመሩ። ልጅቱ አለቀሰች፤ ተለመኑ፤ እምቢ አሉ። መሄዳቸው ከተቆረጠ በኋላ አንድ ምሽት፣ ቡና እየተጠጣ፣ እንደ ዘበት «ያ ግድግዳው ላይ ያለው ብረት ስንት ያወጣል?» ብለው ጠየቁ።

በማግስቱ ሪቨር ሮድ ተሄዶ ሌላ ተገዛ። ስልሳ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሻንጣው ውስጥ በአግድም አልገባ ብሎ በጋቢ ተጠቅልሎ በሰያፍ ተቀመጠ፤ ብሎኖቹ በፌስታል ታስረው ከቡናው ሲኒዎች ጋር ሆኑ። ሻንጣው ሊዘጋ ሲል ባልየው ድንገት ቆመ። የደሴው ሽንት ቤት ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ብሎን አይዝም።

ደውሎ የሚስቱን ወንድም የግድግዳውን ውፍረት፣ የመሬቱን ዓይነት፣ ከመቀመጫው እስከ በሩ ያለውን ርቀት እያንዳንዱን ጠየቀው። ከዚያም ከልጆቹ ደብተር ላይ ገጽ ቀዶ ሁለት የብረት ቋሚዎች፣ ሥራቸው ግማሽ ሜትር ያህል ተቆፍሮ በኮንክሪት የተሞላ፣ መያዣው በላያቸው አግድም የተበየደ አድርጎ ሣለ። አማቱ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ሲያዩ ቆዩና በጣታቸው ትንሽ ወደ ታች አመለከቱ።

«ይኸኛውን ዝቅ አድርገው» አሉ።