በእግሩ የሚሄድ እንቁላል

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። ትዕግሥትን ለማስተማር ከዚህ የሚቀል ምሳሌ የለንም። ምሳሌው ግን አንዲት ባለውለታ ይረሳል፤ 21 ቀን ሙሉ የታቀፈችውን ዶሮ አይጠራም። በተወለደበት ዘመን የማትታቀፍ ዶሮ በየግቢው ስላልነበረች፣ እርስዋን ማንሣት አላስፈለገ ይሆናል።

ዛሬ ግን የማትታቀፍም አለች። ይህን የማነሣው እናቴ አቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው ግቢያችን ዶሮ ለማርባት ስለ ወሰነች ነው። ከፋብሪካ ሥራ ከተገለለች ወዲህ የጡረታዋ ገንዘብ ከወር ወር አያደርስም፤ ከልጅ እጅ መቀበል ደግሞ አትወድም። የእንቁላል ሽያጭ ለእርስዋ ከገንዘብ በላይ ነው፤ በራስ እግር መቆም ነው። ስለዚህ «የትኛዋ ዶሮ ትገዛ?» የሚለው ጥያቄ በቤታችን የዋዛ አልሆነም።

ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ክርክሩን ወዲያው ይዘጋዋል። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ ቦቫንስ ብራውን የምትባለው የፈረንጅ ዶሮ በደንብ ከተያዘች ወደ 300 ትደርሳለች። «በደንብ ከተያዘች» የምትለው ሐረግ ግን ከባድ ናት። በየቀኑ ከ100 ግራም በላይ የተመጣጠነ መኖና ደረቅ ቤት ትጠይቃለች። የፈንግል ክትባትስ ለሐበሻዋም አይቀርም።

የአቃቂ አየርም የራሱ ፍርድ አለው። ሰፈራችን ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ያዘለ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኖ እግር ይይዛል። አንገተ መላጣዋ ዶሮ ሙቀቷን በባዶ አንገቷ ስለምታስወጣ ለቆላ እንጂ ለእኛ ሌሊት አትመችም። ዘሯ ከጣልያን የሚመዘዘው ሌግሆርንም በአናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ትልቅ ስለሆነ ብርድ ያገኘዋል፤ ንጣቷም ለጭልፊት ምልክት ነው።

እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ «ለመሆኑ ትታቀፋለች?» አለች።

ብዙ የምትጥለዋ አትታቀፍም። የታቀፈች ዶሮ መጣሏን ስለምታቆም፣ አርቢዎች የማይታቀፉትን እየመረጡ ጠባዩን ከዘሯ አጥፍተውታል ማለት ይቻላል። የእርስዋን ዘር በእግሩ የሚያስኬደው የኤሌክትሪክ መፈልፈያ ነው፤ ስታረጅ ተተኪዋን ከሻጭ መግዛት ግድ ነው። የሐበሻዋ ግን ጥቂት ጥላ ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቿን እየመራች ትጭራለች፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ ክንፏን ትዘረጋለች። በቁጥር የምትበለጠው ጊዜዋን ለዚህ ስለምታውል ነው። ስንፍና ያልነው ለካ እናትነት ኖሯል!

ከእኛ ብዙም በማትርቀው በቢሾፍቱ፣ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የሐበሻ ዶሮ ዘሯ ድሃ አለመሆኑን አሳይቷል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከወለጋ የመጣችውን የሆሮ ዶሮ በየትውልዱ እየመረጠ ክብደቷንም እንቁላሏንም አሳድጓል።

እናቴ ግን የገጠሩን የቆየ ዘዴ መረጠች። ለመጣል የደረሱ አራት ኮኮክ ቄቦች፣ ሁለት ገብስማ የሐበሻ ዶሮዎች፣ አንድ አውራ። ከደቡብ አፍሪካ የመጣችው ኮኮክ ከሐበሻዋ በላይ ትጥላለች፤ ዝንጉርጉር ላባዋም ከጭልፊት ዓይን ይሸሽጋታል። እርስዋ ስትጥል የሐበሻዋ ትታቀፍላታለች። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እንቁላል ገዢ ሲያጣ፣ ያ ጊዜ ማስታቀፊያ ይሆናል፤ ጫጩቶቹም ክረምቱ ሳይገባ ላባ ያወጣሉ።

ግዢው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ውርጩ ይለዝባል። ቆጡ ከመሬት ከፍ ብሎ ተሠርቷል። እናንተም ዶሮ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ስንት እንደምትጥል ከመጠየቃችሁ በፊት ማን እንደሚታቀፍላት ጠይቁ።