«አዎ» ወይስ «አይ»

ሥራዬ ፎርም መሥራት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ» እላለሁ፤ እናቴ ለዘመድ ስትናገር ደግሞ «ኢንጂነር ነው» ትላለች፣ ዲግሪው የኢንጂነሪንግ ስለሆነ ውሸት አይባልም። እውነቱ ግን ይሄ ነው፦ ታካሚ ሐኪም ዘንድ ከመግባቱ በፊት በስልኩ ወይም በታብሌት የሚሞላውን ፎርም እሠራለሁ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አለርጂ፣ የሚወስዱት መድኃኒት። እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ቲኬት መጣልኝ። ቲኬት የምንለው የሥራ ትእዛዝ ነው። የላኩት የአንድ ደንበኛችን ነርሶች ናቸው፦ «በወታደርነት አገልግለው ያውቃሉ?» የሚል ጥያቄ ይጨመርልን። አንድ ጥያቄ፣ ሁለት መልስ፣ የግማሽ ቀን ሥራ። እኔ «አይቸኩልም» የሚል ምልክት አድርጌበት ወደ ባክሎጉ ጣልኩት። ባክሎግ ማለት ቲኬቶች የሚሞቱበት ቦታ ነው።

ያን ቀን እህቴ ከአሜሪካ ጦር ከወጣች ስምንት ዓመት አልፏት ነበር። አንድ ቤት ነበር የምንኖረው።

እቴቴ ነው የምላት። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። በ2009 ዲቪ ደርሷት ሜሪላንድ ገባች፣ በሚቀጥለው ዓመት ጦሩን ተቀላቀለች። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መቀጠር ይችላል፤ በጦርነት ጊዜ ያገለገለ ደግሞ ለዜግነት እንደ ሌላው አምስት ዓመት አይጠብቅም። እሷ ዜጋ ሆና እናታችንን አመጣች፣ እናታችን ደግሞ እኔን። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ካልኩለስ የተማርኩት እሷ ካንዳሃር ውስጥ የጭነት መኪና ስለነዳች ነው። አዲስ አበባ ሳለን የተነገረን «ሎጂስቲክስ ላይ ነኝ» የሚል ነበር፤ ሎጂስቲክስ ስትባል መጋዘን ውስጥ እስክሪብቶ ይዛ የምትቆጥር መስላን ነበር። አንድ ቀን ከፊቷ ይሄድ የነበረውን መኪና መንገድ ዳር የተቀበረ ፈንጂ አነሳው። ከዚህ በላይ እንዳልጽፍ ነግራኛለች። ይህን ጽሑፍ ሳወጣው አንብባ ሁለት አንቀጽ ሰርዛለች፣ ልክ ናት።

ሕመሟን ፈረንጆቹ ፒቲኤስዲ ይሉታል፤ ስሙ በሐኪሞቹ የምርመራ መጽሐፍ ውስጥ የገባው በ1980 ነው። እኛ ቤት ስም አልነበረውም። የእናቴ ወንድም በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን ከሰሜን በእግሩ ተመልሶ ሌሊት ሌሊት እየጮኸ ይነሳ ነበር፤ ጠበል ወሰዱት፣ በቃ ዝም ተባለ። እናቴ እቴቴ ሌሊት ሳሎን ውስጥ ስትንጎራደድ ስታያት የምትለው «ያንቺስ እንቅልፍ ማጣት ከማን ወረድሽው!» ነበር። ከማን እንደሆነ የምታውቅ ይመስለኛል። አልጠየቅኳትም።

እቴቴ በሠላሳ አምስት ዓመቷ አረገዘች። ምርመራው ሁለት መስመር ያሳየ ዕለት መድኃኒቷን ሽንት ቤት ውስጥ ደፋችው። ለልጁ ብላ ነው። ድንገት ማቋረጥ የራሱ አደጋ እንዳለው፣ አንዳንዱ መድኃኒት በእርግዝና ጊዜም ከሐኪም ጋር ተመዝኖ ሊቀጥል እንደሚችል በኋላ ነው የተነገራት። በሦስተኛው ሳምንት ቅዠቱ ተመለሰ። ባሏ የረጅም መንገድ ትራክ ሹፌር ስለሆነ (ሁለት ሹፌር ተጋብተው!) ቤት የምንውለው እናቴና እኔ ነበርን። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ጎግል አደረግኩ። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት አገኘሁ፤ ከ16 ሺህ በላይ የሴት የቀድሞ ወታደሮችን ወሊድ አይቶ፣ ከመውለዳቸው በፊት ባለው ዓመት ሕመሙ ያልተኛላቸው እናቶች ያለጊዜው የመውለድ ዕድላቸው በ35 በመቶ ከፍ ይላል ይላል። ትሩን ዘጋሁትና ለማንም አልነገርኩም።

በ31ኛው ሳምንት፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሆዷ ይጠነክር ጀመር። ሐኪም ቤት ደረስን፤ ስሙን አልጠራም። መቀበያው ላይ ታብሌት ሰጡን። እናቴ «አማርኛ አለው!» ብላ ደስ ብሏት ራሷ ነካችው። ምጥ ይሁን አይሁን ያልለየለት ሕመም ላይ ስለነበረች እኔ እያነበብኩ እሷ መለሰች። «አርበኛ ነዎት?» ይላል። ቬተራን የሚለውን ቃል ነው እንዲህ የተረጎሙት። እቴቴ በሕመሟ መሃል ሳቀች፦ «አድዋ የዘመትኩ መሰላቸው እንዴ? አይ በል።» አይ አልኩ። በነገራችን ላይ ትርጉሙ ቀላል አይደለም። «የቀድሞ ሠራዊት» ብትለው ደግሞ አዲስ አበባ ያደገ ሰው የሚያስበው የደርግን ወታደር ነው። በእንግሊዝኛ ቢሆንም ኖሮ አይ ትል እንደነበር ነግራኛለች፤ ቬተራን ማለት ለሷ ሜዳልያ ያለው ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ቀጥሎ «የአእምሮ ጤና ሕክምና ወስደው ያውቃሉ?» መጣ። ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። እቴቴ እናቴን አየች፣ ከዚያ እኔን። «አይ።» በራሴ ጣት ነካሁት።

ስለዚህ ነርሷ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ይሄን የምለው ተራዋን ለመከላከል አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው። ከበስተኋላ መጋረጃውን ገፍታ ገባች፤ የፅንሱን የልብ ምት የሚከታተለውን ቀበቶ ሆዷ ላይ አጠበቀች፤ በጀርባሽ ተኚ አለቻት፤ ክንዷ ላይ የደም ግፊት መለኪያውን አስራ ወጣች። መለኪያው በየአስራ አምስት ደቂቃው ራሱ ይነፋል። በሁለተኛው ጊዜ ሲነፋና የጎረቤት አልጋ ማሽን አብሮ ሲጮህ፣ እቴቴ ሁሉንም በጥሳ ጥጉ ላይ ነበረች፤ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፣ ዓይኗ በሩ ላይ። ጉሉኮሱ ከነመርፌው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ዩኒፎርም የለበሰ ጥበቃ ጠሩ። ዩኒፎርም! እናቴ «ልጄን አትንኳት» እያለች በአማርኛ ትለምነዋለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ የምጮኸውን አላስታውስም። ብቻ «ቬተራን» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም፣ አይ ብዬ ሞልቼ ነበራ። ሕመሙ በራሱ ረገበና ንጋት ላይ ወደ ቤት ላኩን። በማግስቱ አፑ ላይ የሐኪም ቤቱን ማስታወሻ ከፈትኩ፦ «ታካሚዋ አልተባበረችም።»

የቀድሞ ወታደሮች ጤና መሥሪያ ቤት፣ ቪኤ የሚባለው፣ በአብዛኛው በራሱ ሆስፒታል አያዋልድም፤ ወጪውን ችሎ ውጭ ነው የሚልከው። ችግሩ እዚያ ጋ ነው። የሕመሙ ታሪክ አንድ ቤት፣ ማዋለጃው ሌላ ቤት። ሁለት ሲስተም መሃል ዳታ የሚጠፋበትን ቦታ እኔ በሙያዬ አውቀዋለሁ። ለዚህ ክፍተት ነው እያንዳንዱ የቪኤ ሆስፒታል የእናቶች ክትትል አስተባባሪ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ነርስ ነች። የእቴቴ አስተባባሪ ስልክ ከሦስተኛ ወር ጀምሮ ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከዚያች ሌሊት በኋላ እቴቴ ደወለች፤ ስፒከር ላይ አድርጋው እኔ ሰሃን እያጠብኩ ሰማሁ።

ነርሷ «ምን ሆነሽ ነው?» አላለቻትም። የጠየቀቻት እንዲህ ነበር፦ ስትተኚ በር የት እንዲሆን ትፈልጊያለሽ? ከበስተኋላሽ ቢነኩሽ ምን ይሆናል? የትኛው ድምፅ ነው? የትኛው ሽታ? ሲጀምርሽ ማን ምን ቢልሽ ትመለሻለሽ? እቴቴ ለመጨረሻው ዝም አለች፤ ቆይታ «ስሜን ጠርቶ ያለሁበትን ከተማ ቢነግረኝ» አለች። ሰሃኑን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ስምንት ዓመት አብረን ኖረን እኔ የማደርገው «አይዞሽ» ብሎ ትከሻዋን መያዝ ነበር፣ ከበስተኋላ።

ከስልኩ የወጣው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ነርሷ ጻፈችው፣ እቴቴ አረመችው፣ ከዚያ ለማዋለጃው ዋና ነርስ ደውላ ራሷ አስረከበች። መድኃኒቱንም ከሳይካትሪስቷ ጋር አገናኝታ እንደገና አስጀመረቻት። እናቴ ወረቀቱን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። እቴቴ «አንብብላት» አለች። አነበብኩላት። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና «ወንድሜም እኮ በሩን ሳያይ አይተኛም ነበር» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

በ38ኛው ሳምንት ምጡ መጣ። ባሏ ቴነሲ ላይ ነበር፣ መንገድ እየነዳ። ወንድም ማዋለጃ ክፍል ገብቶ ምን ይሠራል? እኔም አላውቅም ነበር፤ በራስጌዋ በኩል ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ ውሃ የማቀብል ሆንኩ። የማታዋ ነርስ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። በሩን አንኳኳች፣ ስሟን ተናገረች፣ ውጭ ቆማ ጠበቀች። ግቢ ስትባል ገብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከእቴቴ ዓይን ዝቅ ብላ። «ወረቀትሽን አንብቤዋለሁ። ከወረቀቱ የተቀየረ ነገር አለ?»

አልጋውን እስኪሄድ ድረስ አዙራ በሩን እንድታይ አደረገቻት። የማሽኑን ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ዝቅ አደረገችው፣ ውጭ እሷ እየተከታተለችው። ቀበቶውን ለእቴቴ በእጇ ሰጠቻትና ራሷ አሰረችው። ግፊት መለኪያውን ራሱ እንዳይነፋ አጠፋችውና በጊዜው እየመጣች «አሁን ልነፋው ነው» እያለች ትለካለች። ለምርመራ ስትነካት በፊት ትጠይቃለች፤ «እጅሽን ካነሳሽ አቆማለሁ» አለቻት። አንዴ አነሳች። ነርሷ በእውነት አቆመች፤ ሰዓቷን አላየችም፣ አልተነፈሰችም። ስንት ነገር ላይ «ማቆም» የሚል ቁልፍ ሠርቻለሁ፤ ሲጫኑት የሚሠራ መሆኑን ግን እንደዚያች ሌሊት አረጋግጬ አላውቅም።

እናቴ ጥግ ላይ ሆና «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። ነርሷን «ሲስተር» ነው የምትላት፣ አገር ቤት ነርስ ሁሉ ሲስተር ስለሆነች፤ ሴትዮዋ ግን እህቴ ያለቻት መስሏት ደስ ብሏት እሷም «ሲስተር» ትላት ጀመር። ሁለቱም ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ተጠራሩ፣ እኔም አላረምኩም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ እቴቴ ሄደችብን። ዓይኗ ተከፍቶ እኛን አታይም። ነርሷ አልነካቻትም። ስሟን ጠራች። «ሜሪላንድ ነሽ። ማዋለጃ ክፍል ነሽ። እናትሽ በስተግራሽ ናት፣ ወንድምሽ ከራስጌሽ ነው። በሩ ዝግ ነው፣ እኔ አየዋለሁ።» ደጋገመችው፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም። እቴቴ በጀርባዋ ሳይሆን ተንበርክካ፣ የአልጋውን ራስጌ አቅፋ ወለደች። ልጅቷ ልትወጣ ስትል ነርሷ «አሁን ትጮሃለች፣ በጣም ትጮሃለች፣ ደስ የሚለው ጩኸት እሱ ነው» ብላ አስቀድማ ነገረቻት። ጮኸች። እቴቴ ግን አልደነገጠችም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነርሶቹ ተራ ይቀያየራሉ። እኔ የፈራሁት ይሄን ሰዓት ነበር፤ በሙያዬ ነገር የሚበላሸው ርክክብ ላይ ነው። በሩ ተንኳኳ። የማናውቀው ድምፅ ስሟን ተናገረች። እቴቴ «ግቢ» አለች፣ በአማርኛ፣ ደክሟት። ፀጥ አለ። ልጅቷ ውጭ ቆማ ትጠብቃለች፤ ምን እንደተባለ ስላልገባት አልገባችም። እቴቴ ይሄ ሲገባት ሳቀች፣ ስፌቷን ይዛ እስኪያማት ሳቀች።

የሚቀጥለው ቀላል አልነበረም። ገንፎው ተበላ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ሁሉ መጣ፣ ሳያንኳኳም ገባ። ቪኤ ለሕፃኗ የሚከፍለው እስከ ሰባት ቀን ስለሆነ የኢንሹራንስ ወረቀት ስናሯሯጥ ሰነበትን። ሌሊት የሕፃን ልቅሶና የማስጠንቀቂያ ደወል ለእቴቴ ጭንቅላት አንድ ነው። አስተባባሪዋ ነርስ አሁንም ትደውላለች፤ ድሮ ክትትሉ ከወሊድ በኋላ ስምንት ሳምንት ነበር፣ ከ2023 ጀምሮ አንድ ዓመት ሆኗል። እቴቴ ከተኛች በኋላ ስልኩን እናቴ የምታነሳበት ቀን አለ። «ሲስተር፣ ሺ ስሊፕ» ትላታለች።

ቲኬቱን ባክሎግ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ቁጥሩን ሳየው አፈርኩ። ጥያቄውን ጨመርኩ፣ አማርኛውን ራሴ ጻፍኩት፦ «በየትኛውም አገር ጦር ውስጥ አገልግለው ያውቃሉ?» አርበኛ የለም፣ የቀድሞ የለም። ጮክ ተብሎ እንዳይነበብም ለብቻ በሚከፈት ገጽ ላይ አደረግኩት። ቅዳሜ ዕለት ስልኬን ለእቴቴ ሰጠኋት። ልጅቷን እያጠባች በአንድ እጇ ያዘችውና አነበበች።

«አዎ» ነካች። ከዚያ ቀና ብላ፦

«እሺ፣ አዎ አልኩ። አሁን ይሄን ማን ያየዋል? ሌሊት የምትገባው ነርስ ታየዋለች?»

መልሱ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል፤ የነርሶቹ ስክሪን ላይ አይወጣም። አላሰብኩትም ነበር። ስልኬን መለሰችልኝ፣ እኔም ሰኞ አዲስ ቲኬት ከፈትኩ።