ስንት ዲግሪ ላይ ነበር?

የመምህራችን አሮጌ ቮልስዋገን ቤንዚን ፈጀች ተብሎ ወደ መለማመጃው ጋራዥ ስትመጣ፣ እኛ የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኞች እጅጌያችንን ሰብስበን ተቀበልናት። በዛሬዎቹ መኪኖች እሳቱ መቼ እንደሚሰጥ የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው፤ ቮልስ ግን አሁንም የሰው እጅ ትጠብቃለች።

ጥፋቱን ለማግኘት አልተቸገርንም። የኮንታክት ፖይንቱ ተረከዝ አልቆ ክፍተቱ ጠቧል። ክፍተቱ ሲጠብ እሳቱ ይዘገያል፤ የዘገየ እሳት ደግሞ ቤንዚኑን የሚያቃጥለው ፒስተኑ መመለስ ከጀመረ በኋላ ስለሆነ ጉልበቱ በጭስ ማውጫው ይባክናል። ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር አደረግነው። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርን።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጽሐፉ ለዚህች ሞተር፣ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ በፊት ይላል። እኛ ግን ሞተሩን አስነስተን ዲስትሪቢዩተሩን በእጅ ወደ ግራ ማዞር ጀመርን። ባዞርነው ቁጥር ድምፁ ይሳላል፣ ዙሩ ይጨምራል። «ጨምር! ጨምር!» ተባባልን። አዲስ አበባ ውስጥ ብንሞክራት በረረች። ይህም ምክንያት አለው። 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ሲሊንደሩ በደንብ ስለማይሞላ ነበልባሉ ቀስ ብሎ ይስፋፋል፣ ቀደም ያለ እሳትም ይስማማዋል። ይህን ሁሉ በክፍል ተምረናል። የረሳነው መኪናዋ አዲስ አበባ ብቻ እንደማትውል ነው።

መምህራችን ቅዳሜ ወደ መተሐራ ወረዱ። እዚያ ከፍታው 1000 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አየሩ ይከብዳል፣ ይሞቃልም። ያው እሳት አሁን ከልክ በላይ ቀደመ፤ ፒስተኑ ገና ሳይደርስ ግፊቱ ያይላል፣ ያልነደደው ቤንዚን ባንዴ ይፈነዳል፣ ሞተሩ ያንኳኳል። በሌላ መኪና ቢሆን ሾፌሩ ይሰማው ነበር። የቮልስ ሞተር ግን ከኋላ ነው፣ የማራገቢያውም ጩኸት ያፍነዋል። ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ጉልበት አጣች። ሲፈታ የሦስተኛው ሲሊንደር ፒስተን አናቱ ተበልቷል። በአሮጌዎቹ ሞዴሎች ለሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው ነፋስ በዘይት ማቀዝቀዣው በኩል ያለፈ ስለሆነ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚሞቀው እሱ ነው።

መምህራችን አልተቆጡም። ኧረ ቢቆጡ ይሻለን ነበር! ፒስተኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ «ልጆች፣ ስንት ዲግሪ ላይ ነበር ያሰራችሁት?» አሉን። ዝም አልን። አንዳችንም አልለካንም። ነገ ተማሪ ፊት ቆመን «እንዲያው በጆሮ ነው» ልንል ነው እንዴ?

መለኪያ ጠፍቶም አይደለም። ሞተሩን ምልክቱ ላይ አቁሞ፣ አንዲት የ12 ቮልት አምፖል ከኮንታክት ፖይንቱ ሽቦና ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኝቶ፣ ቁልፉን ከፍቶ፣ አምፖሏ እስክትበራ ዲስትሪቢዩተሩን ቀስ እያሉ ማዞርና ማሰር ነው፤ በቃ። ለፒስተኑ ግን አራት ሳምንት ሙሉ አዋጣን።

ሞተሩ ሲገጠም ከመካከላችን አንዱ ለአዲስ አበባ ሁለት ዲግሪ እንጨምርላት አለ። ሐሳቡ ስሕተት የለበትም፤ ከከተማ ለማይወጣ ሰው ይሠራል። የመምህራችን እናት ግን መተሐራ ናቸው። 7.5 ላይ አሰርናት፤ ቁጥሩንም በሞተሩ ክዳን ውስጠኛ ገጽ በቀለም ጽፈንበታል።