የለም ያልሁት ዕቃ

«የለም» እና «አላውቅም» የሚሉት ሁለት ቃላት በአንደበት ላይ የተቀራረቡ ይመስላሉ፤ በሰው ልብ ላይ የሚያደርሱት ግን እጅግ የተለያየ ነው። እኔ አንዱን በሌላው ቦታ ተናግሬ በአባቴ መልካም ስም ላይ ጥላ አጥልቼ ነበርና፥ ታሪኩን ለቤተሰብ አንባብያን ልነግር ወደድሁ።

አባቴ በጓሯችን አሮጌ መኪና እየጠገኑ ያሳደጉን ሰው ነበሩ። የራሳቸውም መኪና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ የተሠራች ቮልስዋገን ነበረች። ይህች መኪና በ2003 በሜክሲኮ አገር የመጨረሻዋ ከፋብሪካ ወጥታ ሥራዋ ካከተመ ወዲህ፥ አባቴ ያገኙትን አሮጌ ዕቃ ሁሉ «አንድ ቀን ይፈለጋል» እያሉ በትልቅ የእንጨት ሣጥን ያጠራቅሙ ነበር።

በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. አባቴ በድንገት ታመሙ፤ ግማሽ አካላቸው ዛለ፥ አንደበታቸውም ተያዘ። በዚያው ሰሞን አንድ አረጋዊ ጎረቤታችን ሊጠይቋቸው መጥተው ሲወጡ ወደ ጎን ጠሩኝና፥ «ልጄ፥ አባትህ ለሰይቼንቶዬ የውኃ ፓምፕ እንዲገዛልኝ ገንዘብ ሰጥቼው ነበር። አግኝቼልዎታለሁ ብሎኝም ነበር። እስቲ እይልኝ» አሉኝ።

ሣጥኑን ከፈትሁ። ዐይኔ የፈለገው በካርቶን የታሸገ አዲስ ዕቃ ነበር፤ ያየሁት ግን ግራሶ የጠጣ ብረት ብቻ ነው። የውኃ ፓምፕ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ይህን መናገር ግን አሳፈረኝና ወጥቼ «የለም» አልኋቸው። እሳቸውም አንድ ቃል ሳይመልሱ ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታቸው ቀዘቀዘ፤ ባለቤታቸውም ከእናቴ ጋር ይጠጡት ከነበረው የማርያም ማኅበር ቀሩ።

አባቴ በእነዚያ ወራት ደኅና የቀረችውን እጃቸውን ወደ ዕቃ ቤቱ ይዘረጉ ነበር። እኛም መኪናቸው የናፈቀቻቸው መስሎን ወንበራቸውን ወደ ቮልስዋገኗ እናዞርላቸው ነበር። በሚያዝያ ወር ዐረፉ።

ሰባት ዓመት አለፈ። በ2013 ዓ.ም. እናቴ ዕቃ ቤቱ እንዲጸዳ ፈለጉ፤ ቁራሌውም ብረቱን በኪሎ ሊወስድ ተስማማ። እኔ ግን የአባቴ ድካም ምን ምን እንደ ሆነ ሳላውቅ ለሚዛን ልሰጠው አልወደድሁም። ስለዚህ በመርካቶ ሶማሌ ተራ ዕድሜያቸውን በመኪና ዕቃ ንግድ ወደ ፈጸሙ አንድ ሽማግሌ ሄጄ፥ ስሙ የማይታወቅ ብረት እንዴት እንደሚለይ ጠየቅኋቸው።

እንዲህ ሲሉ መከሩኝ፦ «አስቀድመህ በነጭ ጋዝ እጠበው፤ ቁጥሩ ከግራሶው ሥር ነው። ነገር ግን በሽቦ ብሩሽ አትፈትገው፤ ቆሻሻውን ስታነሣ ምልክቱንም ታነሣዋለህ። ቡሎን የሚገባበትንም ጥርስ ለካ፤ የአሮጌ እንግሊዞች ጥርስ በኢንች ነው፥ የጀርመንና የጣልያን በሚሊ ሜትር። ከዚያም የተፋተገበትን ቦታ ተመልከት፤ ብረት ጎረቤቱ ማን እንደ ነበረ አይደብቅም።»

የቮልስዋገን ቁጥር ሥርዐት እንዳለውም ያን ጊዜ ተማርሁ። 9 አኃዝ ሆኖ ሦስት ሦስት እየሆነ ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ 3 አኃዞች ዕቃው በመጀመሪያ ለየትኛው ዐይነት መኪና እንደ ታሰበ ይነግራሉ፤ 111 እና 113 የዚችው ትንሿ መኪና ናቸው። ቀጥሎ ያለው አኃዝ ክፍሉን ያመለክታል፤ 1 ሞተር፥ 6 ጎማና ፍሬን፥ 9 ኤሌክትሪክ ነው። ሆኖም ሽማግሌው፥ «በቁጥር ብቻ አትመን» አሉኝ፤ አንዱ ዕቃ ለብዙ ዐይነት መኪና ያገለግላልና፥ ብረቱ ሲቀለጥ የወጣበት ቁጥርም በዕቃው መዝገብ ካለው ቁጥር የሚለይበት ጊዜ አለና።

በየማታው እያጠብሁ ለየሁ። የካርቡሬተሩ ከካርቡሬተሩ፥ የፍሬኑ ከፍሬኑ ተሰበሰበ። በመጨረሻ ከማንም ጋር የማይሄድ አንድ ነገር ቀረ፤ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ፥ ከአሉሚኒየም የተሠራ፥ ውስጡ ትንንሽ ክንፎች ያሉት፥ ቁጥሩም ሦስት ሦስት የማይከፈል ነበር። ወደ ሽማግሌው ወሰድሁት።

ቁጥሩን አላዩም። ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደው ነጭ ቅርፊት አወጡና፥ «ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ኖራ ይመስላል» አልሁ።

«ውኃ ሲፈላበት የተወው ነው፤ እንደ ማንቆርቆሪያ። የቮልስዋገን ሞተር ግን በነፋስ ይቀዘቅዛል እንጂ ውኃ አያውቅም። ስለዚህ ይህ ዕቃ የእናንተ አይደለም።»

ከመደርደሪያቸውም አንድ አሮጌ የሰይቼንቶ ፓምፕ አውርደው ከጎኑ አኖሩት። የቡሎኑ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ገጠሙ። ፊያት በ1955 ያወጣት ይህች ትንሽ መኪና ሞተሯ እንደ ቮልስዋገን ከኋላ ቢሆንም የሚያቀዘቅዛት ውኃ ነው። ሽማግሌው ዘንጉን በጣታቸው ሲያዞሩት ያለ ድምፅ ዞረ። «ዕቃው ያገለገለ ነው፤ ኩሽኔታው ግን አዲስ ነው። የሠራው ሰው ተጠንቅቆ ሠርቶታል» አሉ።

ያን ጊዜ የአባቴ እጅ ወዴት ታመለክት እንደ ነበር ገባኝ።

ጎረቤታችን ግን ከሁለት ዓመት በፊት ዐርፈዋል። ፓምፑን በዚያው ጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ባለቤታቸው ሄድሁ። ሰይቼንቷ በሸራ ተሸፍና በግቢው ጥግ ቆማለች። ጉልበታቸውን ስሜ ሁሉን ነገርኋቸውና ይቅርታ ለመንሁ። እሳቸውም ዕቃውን በእጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፥ «እሳቸውን ያሳዘናቸው ገንዘቡ አልነበረም፤ እንደ ወንድሜ ያመንሁት ሰው ይሉ ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም፥ «ነፍስ ይማር፥ ለእሳቸውም ለአባትህም» ብለው አስነሡኝ።

በዚያው ወር በ21 ቀን ከእናቴ ጎን ተቀምጠው ማኅበሩን ጠጡ። እኔ ግን ይቅርታ ልጠይቃቸው ይገባኝ የነበሩት ሰው በሕይወት አልጠበቁኝም።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ በየቤታችን የሟች ዕቃ የተቀመጠበት ሣጥን አይጠፋም። በውስጡ ያለው ሁሉ የእኛ ነው ብለን ለሚዛን ከማቅረባችን በፊት እንጠበው፥ እንየው፥ የሚያውቅ ሰውም እንጠይቅ። ባለ አደራ በደጃችን ቆሞ ሲጠይቀን፥ ሳናውቅ «የለም» ከምንለው «አላውቅም፥ ልፈልግ» ማለት አያሳፍርም።