ለቡናው ግንድም ለእግርህም

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

የቡናውን አረም የምታነሳበት የቤንዚን ማጨጃ ማሽን እንደገዛህ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ወገብህ ያርፋል፤ የሣሩ ሥር ስለማይነቀልም አፈሩ በጎርፍ አይሄድም። ሆኖም ልቤ አላርፍ ስላለኝ ጻፍኩልህ።

ይህ ሞተር ቱ ስትሮክ ነው፤ የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚቀላቀለው ዘይት ብቻ ነው። መመሪያው 50 ለ 1 ካለ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ 1 ካለ 200 ሚሊ ሊትር ትጨምራለህ። በግምት አታድርገው። ዘይቱ ካነሰ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ይጣበቃል፤ ከበዛ ካንዴላው ይጠቁራል። ስትሞላ ሞተሩን አጥፍተህ አቀዝቅዘው። ማታ ማታ የአየር ፊልትሮውን አራግፍ፤ ማርሚታው ላይ የተጣበቀ ደረቅ ሣርም እሳት ያስነሳልና ጥረግ።

የሚያስፈራኝ ምላጩ ነው። ብዙውን ጊዜ ከላይ ሲታይ ፊቱ ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል፤ ስለዚህ ስታጭድ አንተም ከቀኝ ወደ ግራ ጥረግ። የፊት ቀኝ ጠርዙ ጉቶ ወይም ድንጋይ ከነካ ማሽኑ በድንገት ይፈናጠራል። ቤንዚን ሳትሰጠው ምላጩ የሚዞር ከሆነ ካርቡሬተሩ ሳይስተካከል ሥራ አትግባ። ሣር ሲጠመጠምበት ሞተሩን ሳታጠፋ እጅህን አትስደድ፤ ለአንድ ደቂቃ ሥራ ብለህ ጣትህን አትስጥብኝ። የምላጩን ዳዶ ስትፈታ ደግሞ በአብዛኞቹ የሚላላው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው፤ በግድ ወደ ግራ የሚታገል ሰው ይሰብረዋል። የተሰነጠቀ ምላጭ ይጣላል እንጂ አይበየድም።

ጠጠር እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወነጨፋል። መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ፣ ቦቲ ጫማ አድርግ። ምሳ ይዘው የሚመጡት ልጆች ከ15 ሜትር ወዲህ እንዳይጠጉ አስቀድመህ ንገራቸው፤ በጩኸቱ ውስጥ ድምፃቸውን አትሰማም።

ማሽኑን የሸጠልህ ሰው ይህን አይነግርህም፤ ቡናን እንደቆመ የሚያደርቀው ፈንገስ የሚገባው በግንዱ ቁስል ነው። የታመመ ግንድ የነካ ምላጭም ወደ ጤነኛው ያሻግረዋል። ከግንዱ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህሉን በእጅህ አርም። የደረቀ ዛፍ ካለበት ቦታ ወደ ሌላው ስታልፍ ምላጩን ፈትተህ በአልኮል ጥረገው። ገጀራ በእሳት ይለበለባል፤ ይህ ማሽን ግን ቤንዚን የተሸከመ ነውና እሳት አታስጠጋው።

መነጽሩንና የጆሮ መከላከያውን ገዝቼ በወንድምህ እልክልሃለሁ። እስኪደርሱህ ድረስ እባክህ ማሽኑን አታስነሳ።

አባትህ